አውሮፕላኑ ይበራል፣ ዕዳው የት ነው?

ወዳጆች፣ የዛሬው ረዘም ይላል፤ ሻያችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሰሞኑን አንድ ተከታታያችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «የአንድ አየር መንገድ ዕዳ ከ2018 ወደ 2019 ስንሻገር ዘሎ ወጣ። ያን ያህል አውሮፕላን ሲገዙ አላየሁም። ገንዘቡን ማን በላው?»

ማንም አልበላውም። ዕዳው ከዚያ በፊትም ነበር፤ የተቀየረው የሚጻፍበት ገጽ ነው። አጭሩ መልስ ይህ ነው። ረጅሙን መልስ ለመስጠት ግን ወደ 1974 መመለስ አለብን።

በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1966 ዓ.ም መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደርግ የንጉሡን ሹማምንት እየለቀመ ያስራል፤ ንጉሡ ራሳቸው ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ወር አልቀራቸውም። በዚያው ሰሞን፣ ኦገስት 15 ቀን፣ ኮርት ላይን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ከሰረ። ኮርት ላይን አውሮፕላኖቹን ሮዝ፣ ብርቱካናማ፣ ሐምራዊና ሰማያዊ አረንጓዴ እየቀባ፣ የእንግሊዝን ሠራተኛ በርካሽ ዋጋ ወደ ስፔንና ወደ ሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚያመላልስ ድርጅት ነበር። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ናረ፣ የሰው ኪስ ሳሳ፣ ኩባንያውም መቆም አቃተው። በተዘጋበት ቀን 50 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በሰው አገር ባሕር ዳርቻ ላይ መመለሻ አጥተው ቀሩ። ገንዘብ ከፍለው ገና ያልተሳፈሩት ደግሞ ከዚያም ይበዙ ነበር።

የሂሳብ ሰዎች ነገሩን ሲመረምሩ ያገኙት ነገር ለእኛ ዋናው ነው። ኩባንያው ወደ 400 መንገደኛ የሚይዙ ሁለት ግዙፍ ሎክሂድ ትራይስታር አውሮፕላኖችን ጨምሮ በኪራይ የያዛቸው አውሮፕላኖች ነበሩት። ለአከራዮቹ ሊከፍል የፈረመው ገንዘብ በጠቅላላው ከባለአክሲዮኖቹ ካፒታል በእጅጉ ይበልጣል። ባላንስ ሺቱ ላይ ግን አውሮፕላኖቹም የሉም፣ ዕዳውም የለም። ያበደረው ባንክ፣ አክሲዮን የገዛው ሰው፣ ትኬት የቆረጠው ቤተሰብ ሁሉ ያየው ክብደቱ የተቀነሰለት ኩባንያ ነበር።

ማጭበርበር ነበር እንዴ? አልነበረም። በጊዜው ደንብ መሠረት የተከራየኸው ዕቃ ያንተ አይደለም፤ ያንተ ካልሆነ ደግሞ ባላንስ ሺትህ ላይ ምን ይሠራል? ኪራዩን በከፈልክ ጊዜ ወጪ ብለህ ትመዘግባለህ፣ አለቀ። ሎጂኩ ለሰሚው ትክክል ይመስላል።

እስቲ መርካቶ ወርደን እንየው። አንድ ነጋዴ ሱቅ ተከራየ። በማንኛውም ጊዜ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መውጣት የሚችል ከሆነ፣ እውነትም ዕዳው የአንድ ወር ኪራይ ነው። ሌላው ነጋዴ ግን ለ10 ዓመት ፈረመ፤ ገበያው ቢሞትም ባይሞትም፣ ሱቁን ቢዘጋውም ቢከፍተውም ኪራዩን ሊከፍል ውል ገባ። ይህ ሁለተኛው ሰው ከባንክ ተበድሮ ሱቅ ከገዛው ጎረቤቱ በምን ይለያል? ጎረቤቱ በየወሩ ለባንክ ይከፍላል፤ እሱ በየወሩ ለአከራይ ይከፍላል። ሁለቱም መክፈል ቢያቅታቸው ከሱቁ ይወጣሉ። የጎረቤቱ መዝገብ ላይ ግን ትልቅ ዕዳ ተጽፏል፤ የእሱ መዝገብ ንጹሕ ነው። ብድር ልጠይቅ ብለው ሁለቱ አንድ ባንክ ቢሄዱ የተሻለ የሚመስለው ማን ነው?

የአየር መንገዶቹ ነገር ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ሱቁ 50 ወይም 100 ሚሊዮን ዶላር ማውጣቱ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ይህን ችግር ያየው ከኮርት ላይን በኋላ የመጣ ሰው አይደለም። በአሜሪካ ጆን ማየርስ የተባሉ ምሁር ለአካውንታንቶች ማኅበር ባቀረቡት ጥናት፣ ተከራዩ የገዛው የመጠቀም መብት ንብረት እንደሆነ፣ የሚከፍለውም ዕዳ እንደሆነ ጽፈው ነበር። ዓመቱ 1962 ነው። ሐሳቡ ዓለም አቀፍ ደንብ ሆኖ ሥራ ላይ የዋለው በ2019 ነው። ቁጥሮቹን አስተውሉልኝ፦ 57 ዓመት። ስለዚህ «ያኔ ነገሩ አልታወቀም ነበር» የሚለውን ምክንያት እኔ አልቀበልም። ታውቆ ነበር።

ለምን ዘገየ? መጀመሪያ የመጣው መፍትሔ ግማሽ መፍትሔ ስለነበረ ነው። በ1976 የአሜሪካ የሂሳብ ደንብ አውጪ ቦርድ 13ኛውን ስታንዳርዱን አወጣ። ኪራይን ለሁለት ከፈለው። ኪራዩ በእውነቱ ግዢ ከሆነ ባላንስ ሺት ላይ ይግባ፤ ተራ ኪራይ ከሆነ፣ ማለትም ኦፕሬቲንግ ሊዝ ከሆነ፣ ውጭ ይቅር። መለያው ምንድን ነው? አራት ፈተናዎች ተቀመጡ፤ ከአራቱ ሁለቱ ቁጥር ነበራቸው። የኪራዩ ዘመን ከዕቃው የአገልግሎት ዕድሜ 75 በመቶ ከደረሰ፣ ወይም የክፍያዎቹ የዛሬ ዋጋ ከዕቃው ዋጋ 90 በመቶ ከደረሰ ግዢ ነው ተባለ። ዓለም አቀፉ ደንብ፣ አይ.ኤ.ኤስ. 17፣ በ1982 ሲመጣ ቁጥር ባያስቀምጥም መንገዱ ያው ነበር። እንግሊዞች የራሳቸውን ያወጡት በ1984 ነው፤ ኮርት ላይን ከወደቀ ከ10 ዓመት በኋላ።

90 በመቶ ብለህ መስመር ስታሰምር ምን ይሆናል? ዓለም በሙሉ 89 ላይ ይሰለፋል። ይህን ለማወቅ የሂሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ቀረጥ የሚጀምርበትን መጠን የሚያውቅ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ጠበቆችና ባንኮች ውሉን ከመስመሩ በታች እንዲያርፍ አድርገው መስፋት ሥራቸው ሆነ። ለአውሮፕላን ደግሞ ብዙ መስፋትም አላስፈለገም። አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ይበራል። የተለመደው ኪራይ ከ8 እስከ 12 ዓመት ነው። ፈተናውን ሳይፈተን አለፈ ማለት ነው።

ታዲያ በዚሁ ወቅት ሁለት ስደተኛና ደሃ ቀመስ ሰዎች ዕድሉን አይተውት ነበር። አንዱ ስቲቨን ኡድቫር ሃዚ ነው። በልጅነቱ ከሃንጋሪ ወደ አሜሪካ የተሰደደ፣ በአውሮፕላን ፍቅር ያበደ ልጅ። በ1973 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አይ.ኤል.ኤፍ.ሲ. የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ የመጀመሪያ ደንበኛቸው የሜክሲኮው ኤሮሜክሲኮ ነበር፣ የመጀመሪያ ዕቃቸው አንድ ዲሲ-8። ሌላው አየርላንዳዊው ቶኒ ራያን ነው፤ የባቡር ነጂ ልጅ። ኤር ሊንገስ ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ ሥራ የፈታ ጃምቦ ጄት ለታይላንድ አየር መንገድ እንዲያከራይ ታዘዘ፤ ያኔ የነገሩ ጣዕም ገባው። በ1975 ሻነን ከተማ ላይ ጂ.ፒ.ኤ.ን አቋቋመ። በ1992 አክሲዮን ለሕዝብ ሊሸጥ ወጥቶ ገዢ በማጣቱ ጂ.ፒ.ኤ. ተንኮታኮተ፤ የዓለም የአውሮፕላን ኪራይ መናኸሪያ ግን እስከ ዛሬ አየርላንድ ናት። በስሙ የሚጠራው ራያንኤር ደግሞ አብዛኞቹን አውሮፕላኖች የሚገዛ እንጂ የሚከራይ አይደለም! ታሪክ አንዳንዴ ቀልደኛ ናት።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ኪራይ የመጣው ዕዳ ለመደበቅ ብቻ አይደለም። በ1978 አሜሪካ የአየር ገበያዋን ነጻ ስታደርግ ካፒታል የሌላቸው አዳዲስ አየር መንገዶች ተወለዱ፤ አውሮፕላን የመግዛት አቅም አልነበራቸውም። ቦይንግና ኤርባስ ጋ ተሰልፎ አምስት ስድስት ዓመት ከመጠበቅ አከራይ ጋ ሄዶ በወራት ውስጥ ማግኘት ይቻላል። አውሮፕላኑ ሲያረጅ የመሸጥ ጣጣው የአከራዩ ነው። ለአፍሪካ አየር መንገዶችም ይህ በር ባይኖር ብዙዎቹ ባልተነሡ ነበር። በ1980 አካባቢ ከዓለም አውሮፕላኖች በኪራይ የሚበሩት ከመቶ ጥቂቶች ነበሩ፤ ዛሬ ግማሽ ያህሉ ናቸው። ጥያቄዬ ኪራዩ ለምን ኖረ አይደለም። ለምን አይታይም ነበር ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ተደብቆ አያውቅም፣ የግርጌ ማብራሪያው ላይ ተጽፏል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ማብራሪያው ላይ በየዓመቱ የሚከፈለው ኪራይ ተዘርዝሮ ነበር። ባለሙያዎቹም ገልብጠው ያነቡት ነበር። ምን ያደርጉ እንደነበር ልንገራችሁ፦ የዓመቱን የአውሮፕላን ኪራይ በ8 (አንዳንዱ በ7) ያባዙና «ይኼ ድብቁ ዕዳ ነው» ብለው ይደምሩበታል። የብድር ደረጃ አውጪዎች እንዲህ ያደርጉ ነበር። የብሪቲሽ ኤርዌይስ ባለቤት የሆነው አይ.ኤ.ጂ. ራሱ «የተስተካከለ ዕዳ» ብሎ በ8 አባዝቶ ያወጣ ነበር፤ ኤር ፍራንስ ኬ.ኤል.ኤም. በ7። አስቡት እንግዲህ፦ ባለቤቶቹ ራሳቸው ባላንስ ሺታቸው እውነቱን እንደማይናገር አምነው ከጎኑ ሌላ ቁጥር ያስቀምጣሉ።

በ8 ማባዛት ደግሞ ጭፍን መዶሻ ነው። ውሉ ሊያልቅ አንድ ዓመት የቀረውንም፣ 12 ዓመት የቀረውንም እኩል ይመታል። ትልልቅ የገንዘብ ተቋማት በራሳቸው ስሌት ሲያስተካክሉ፣ ተራው ባለአክሲዮን፣ ሠራተኛው፣ የጡረታ ገንዘቡ እዚያ የተቀመጠበት ሰው ግን ንጹሑን ገጽ ብቻ አይቶ ይሄዳል። መረጃው የነበረው ማባዛት ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነበር።

ከዚያ ኤንሮን መጣ። በ2001 ኤንሮን ሲፈርስ ከባላንስ ሺት ውጭ ያለ ዕዳ የሚባለው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የጋዜጣ ርዕስ ሆነ። የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ መሠረት የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጥናት አድርጎ በ2005 ሪፖርት አቀረበ። በአሜሪካ ገበያ ያሉ ኩባንያዎች በኦፕሬቲንግ ሊዝ ሊከፍሉ ፈርመው ባላንስ ሺት ላይ ያላሰፈሩት ገንዘብ ወደ 1.25 ትሪሊዮን ዶላር ነው አለ። ትሪሊዮን ነው ያልኩት፣ በቢሊዮን አላሳሳትኩትም።

በዚህ ሰዓት መድረኩ ላይ የነበረው ሰው ስኮትላንዳዊው ሰር ዴቪድ ትዊዲ ነው። ከ1990 ጀምሮ የእንግሊዝን፣ ከ2001 እስከ 2011 ደግሞ የዓለም አቀፉን የሂሳብ ስታንዳርድ ቦርድ የመራ ሰው። አካውንታንት ሲባል ለሚታያችሁ ድብርት ያለ ፊት መልሱ ይህ ሰው ነው፤ ተዋጊና ቀልደኛ። በ2008 በተናገረው ንግግር ላይ ከመሞቱ በፊት ካሉት ምኞቶች አንዱ በአየር መንገዱ ባላንስ ሺት ላይ በሚገኝ አውሮፕላን መብረር እንደሆነ ተናግሮ አዳራሹን አሳቀ። ቀልዱ ዓለምን ዞረ። እኔ እንደማምነው ከመቶ ገጽ ጥናት የበለጠ የሠራው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የሂሳብ ትምህርት የሌለው ሰው እንኳ ይገባዋል። እዚያ ቆሞ የሚታየው፣ አንተ የተቀመጥክበት፣ ስምና ዓርማው የተቀባበት 300 ቶን ብረት በኩባንያው መዝገብ ላይ የለም!

ቀልዱ ቢያስቅም ሥራው ቀላል አልሆነም። የመወያያ ሰነድ በ2009፣ ረቂቅ በ2010፣ ተቃውሞ ሲበረታ ሌላ ረቂቅ በ2013። አየር መንገዶች፣ ቸርቻሪዎች፣ የመሣሪያ አከራዮች ሁሉ ተነሡ። የሥራ ዕድል ይጠፋል የሚል ጥናት ሳይቀር አስጠንተው አሰራጩ። የባንክ ውሎቻችን ይፈርሳሉ አሉ። ይኼኛው ክርክር ሁሌም ያስገርመኛል፦ ዕዳህ ሲታይ ውልህ የሚፈርስ ከሆነ፣ ውሉን ያጸናው አለመታየቱ ነበር ማለት ነው።

ትዊዲ ጡረታ ወጣ። የቀድሞው የኔዘርላንድ ገንዘብ ሚኒስትር ሃንስ ሆገርቮርስት ተተካና ጃንዋሪ 2016 ላይ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. 16 ወጣ። ቦርዱ ያኔ ባቀረበው ግምት በዓለም ላይ በአክሲዮን ገበያ ያሉ ኩባንያዎች የኪራይ ግዴታ 3.3 ትሪሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ከ85 በመቶ በላዩ ባላንስ ሺት ላይ አልነበረም። ክፉኛ የተነካው ዘርፍ ሳይታለም የተፈታ ነው። ቦርዱ ባጠናቸው አየር መንገዶች ላይ ውጭ የቀረው ዕዳ ከጠቅላላ ንብረታቸው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሆን ነበር። ደንቡ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ጸና። ኤር ፍራንስ ኬ.ኤል.ኤም. አንድ ዓመት ቀድሞ በ2018 ጀመረው።

አሁን ትንሽ ቁጥር እንሥራ፤ ቁጥር የማይወድ ይህችን አንቀጽ ይዝለላት። አንድ አየር መንገድ አንድ አውሮፕላን በዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር ለ10 ዓመት ተከራየ እንበል፤ ወለዱ 6 በመቶ። በድሮው ደንብ በየዓመቱ 5 ሚሊዮን ወጪ ይጽፋል፤ ባላንስ ሺት ላይ ምንም የለም። በአዲሱ ደንብ የ10 ዓመቱ ክፍያ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለስ 36.8 ሚሊዮን ይሆናል፤ ይህ በአንድ በኩል «የመጠቀም መብት» ተብሎ ንብረት፣ በሌላ በኩል ዕዳ ሆኖ ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት የእርጅና ቅናሽ 3.68 ሚሊዮን፣ ወለድ 2.2 ሚሊዮን፣ ድምር 5.9 ሚሊዮን ገደማ ወጪ ይወጣል። በመጨረሻው ዓመት ግን 4 ሚሊዮን ገደማ ብቻ። በ10 ዓመት ድምሩ ያው 50 ሚሊዮን ነው፤ ካዝና የሚወጣው ገንዘብም በሳንቲም አልተቀየረም።

ከዚህ የምትይዙት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ኪራይ» የሚለው ወጪ ጠፍቶ ወለድና የእርጅና ቅናሽ ሆነ። ስለዚህ ከወለድ፣ ከግብርና ከእርጅና ቅናሽ በፊት ያለው ትርፍ፣ ኢቢቲዳ የሚሉት፣ በአንድ ሌሊት ያድጋል። በ2019 «ኢቢቲዳችን ተመነደገ» ብለው መግለጫ ያወጡ አየር መንገዶች ነበሩ፤ አንድም ተጨማሪ መንገደኛ ሳይጭኑ። ሁለተኛ፣ አሜሪካኖች በዚህ ጉዳይ መንገዱን ከፈሉት። ዕዳውን ባላንስ ሺት ላይ አስገቡ፣ ወጪውን ግን እንደ ድሮው እኩል እኩል አከፋፍለው ኪራይ እያሉ ይጽፉታል። ስለዚህ ዴልታን ከሉፍታንዛ ጋር በኢቢቲዳ የሚያነጻጽር ሰው ዛሬም ብርቱካንና ሎሚ እያነጻጸረ ነው። አሥር ዓመት ገደማ አብረው ሠርተው መጨረሻው ላይ መለያየታቸው ያሳዝናል፤ ከተቃውሞው ጎን የቆሙት ወገኖች ግማሽ ድል አገኙ ማለት ይቻላል።

ለእኛ አገር አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ታሪክ ግን የሕንዱ ኢንዲጎ ነው። ኢንዲጎ የተነሣው በ2005 አንድ መቶ ኤርባስ በአንድ ጊዜ አዝዞ ነው። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ብዛት ስላዘዘ በርካሽ ይገዛል፣ አውሮፕላኑ በተረከበበት ቀን ለአከራይ ድርጅት ይሸጠዋል፣ መልሶም ከዚያው ድርጅት ይከራየዋል። ገንዘቡ ኪሱ ገባ፣ አውሮፕላኑም እጁ ላይ ነው፣ ባላንስ ሺቱም ቀላል። ሕንድ አዲሱን ደንብ በራሷ ስም ኤፕሪል 2019 ላይ ስታስገባ ያ ሁሉ ኪራይ ዕዳ ሆኖ መዝገብ ላይ ዐረፈ። ችግሩ ኪራዩ በዶላር መሆኑ ነው፤ ገቢው በአብዛኛው በሩፒ። ሩፒ አንድ እርምጃ በወደቀ ቁጥር የ8 እና የ10 ዓመቱ ዕዳ በሙሉ እንደገና ይሰላና ልዩነቱ ዛሬውኑ ኪሳራ ሆኖ ይጻፋል። በሴፕቴምበር 2019 በተጠናቀቀው ሩብ ዓመት ኢንዲጎ 10.6 ቢሊዮን ሩፒ ከሰረ፤ ከዚህ ውስጥ 4.3 ቢሊዮን ገደማው ይኸው የኪራይ ዕዳ በምንዛሪ ሲሰላ የመጣ ነበር።

አየር መንገዶቹ «ይኼ የወረቀት ኪሳራ ነው፣ ገንዘብ አልወጣም» ይላሉ። በከፊል ልክ ናቸው። ነገር ግን ሩፒው ተመልሶ ካልተነሣ በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ገንዘቡ ይወጣል፤ በየወሩ፣ በዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ በዶላር ተበድሮ በብር የሚሸጥ ሰው ምን እንደደረሰበት ያየ ሰው ይህን «የወረቀት» ለማለት አይደፍርም።

አዲሱ ደንብ ፍጹም ነው እያልኩ አይደለም። ከ12 ወር ያልበለጠ ኪራይ ውጭ መቅረት ይችላል። ክፍያው በበረራ ሰዓት ከሆነ፣ ማለትም በበረርክ መጠን የምትከፍል ከሆነ፣ ያ ክፍያ ዕዳ ውስጥ አይቆጠርም። ውሉ ሊያልቅ የቀረበ አየር መንገድ ዕዳው ትንሽ መስሎ ይታያል፤ ነገ ግን ያለ አውሮፕላን ሊበር አይችልምና እንደገና መፈረሙ አይቀርም። እዚህ ላይ ያ የድሮው ጭፍን መዶሻ፣ በ8 ማባዛቱ፣ የተሻለ ነገር ነበረው፤ ኩባንያው መብረሩን እንደሚቀጥል ይቆጥር ነበር። ለዚህ ነው አንዳንድ ተንታኞች ዛሬም ሁለቱንም የሚያዩት።

ከዚያ ኮቪድ መጣና ክርክሩን ሁሉ ከወረቀት አወረደው። በ2020 ጸደይ አውሮፕላኖች ቆሙ፤ ኪራይ ግን አልቆመም። የኖርዌጂያን አየር መንገድ አከራዮች የኪራይ ዕዳቸውን ወደ አክሲዮን ቀየሩና በሜይ 2020 የኩባንያው ባለቤት ሆኑ፤ ትልቁ ባለድርሻ ኤርካፕ የተባለው የአየርላንዱ አከራይ ነበር። (ኤርካፕ የነኡድቫር ሃዚን አይ.ኤል.ኤፍ.ሲ. በ2014 የጠቀለለ ነው። ክበቡ ጠባብ ነው ወዳጆች።) ለአሥርት ዓመታት «ዕዳ አይደለም» ሲባል የኖረው ነገር ኩባንያውን ወረሰው። የደቡብ አሜሪካው ላታም ደግሞ በዚያው ወር ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ገብቶ የማይፈልጋቸውን አውሮፕላኖች ለአከራዮቻቸው መለሰ። ይህ ለሌላኛው ወገን ማስረጃ ነው፤ ኪራይን በክስረት ፍርድ ቤት ከብድር በቀለለ መንገድ መጣል ይቻላል። እኔ ግን እላለሁ፦ ልትጥለው ፍርድ ቤት መሄድ ካስፈለገህ፣ ዕዳ ነበር።

ወደ ቤታችን ስንመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ሥራ ሲጀምር የነበሩት አምስቱ ሲ-47 አውሮፕላኖች ከአሜሪካ የጦር ትራፊ የተገዙ ነበሩ፤ የራሱ። ዛሬ በግዢና በረጅም ጊዜ ብድር ከያዛቸው ጎን ለጎን ከአከራዮች የወሰዳቸውም አሉ፤ ከላይ ያነሣነው ኤርካፕም ከእነዚህ አንዱ ነው። አከራይና አበዳሪ አውሮፕላኑን መልሶ መውሰድ እንዲችል ዋስትና የሚሰጠውን የኬፕታውን ስምምነት ኢትዮጵያ ያጸደቀችው በ2003 ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ነበረች። ይህ ብዙ ያልተወራለት ትልቅ ውሳኔ ነው፤ የአንድ ደሃ አገር ድርጅት በዓለም ገበያ ተዓማኒ ሆኖ አውሮፕላን እንዲያገኝ የሚረዳ ነው።

በሂሳብ በኩል ደግሞ የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጥቶ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቋመ፤ ዓለም አቀፉ ደንብ በትልልቅ ድርጅቶቻችን ላይ ግዴታ ሆነ። «ሊዝ» ሲባል እኛ ጋ ወዲያው ትዝ የሚለን የከተማ መሬት ስለሆነ ጉዳዩ ተደበላልቆ ያልፋል እንጂ፣ የአገራችንን ባንኮች ዓመታዊ ሪፖርት ከከፈታችሁ የመጠቀም መብት ንብረት የሚል መስመር ታገኛላችሁ፤ ለቅርንጫፍ ቢሮዎቻቸው የሚከፍሉት ኪራይ ነው። ለሕንጻ አከራይ የብዙ ዓመት ቀድሞ መክፈል የተለመደ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ንብረቱ ትልቅ፣ ዕዳው ትንሽ ሆኖ ይታያል።

ስለ አየር መንገድ በዜና የምንሰማው ግን ገቢ፣ የመንገደኛ ብዛት፣ አዲስ መዳረሻ ነው። ዜናው ክፉ አይደለም፤ እኔም ደስ ይለኛል። የየትኛውም አየር መንገድ ሪፖርት እጃችሁ ከገባ ግን ከገቢው በፊት ሦስት ቦታ ተመልከቱ፦ የኪራይ ዕዳ የሚለውን መስመር፣ ዕዳው በየትኛው ዓመት እንደሚከፈል የሚዘረዝረውን ሠንጠረዥ፣ እና ዕዳው በምን ገንዘብ እንደሆነ። ያ ተከታታያችን የላከልኝ ሪፖርት ላይ ሦስቱም ነበሩ፤ ገጽ አልገለጠም እንጂ።

የኮርት ላይን ሁለቱ ትራይስታሮችስ ምን ሆኑ ካላችሁ፣ ኩባንያው ሲዘጋ ተወስደው ቆሙ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ሆንግ ኮንግ ወደሚገኘው ካታይ ፓስፊክ ሄዱ፤ ቀለማቸው ተቀየረና ለብዙ ዓመታት በእስያ ሰማይ ላይ በረሩ።